የቁራ መልእክተኛ፦ ስለ አንድ የሐዘን ኮሚክና ስለ ጣርማ በር ጉም

ጅብራ (ደብረ ብርሃን) · ማክሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ሳልናገር ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሦስት ሌሊት አንድ ኮሚክ ሳነብ አደርኩ። «ዘ ክሮው» ይባላል፤ «ቁራው» እንደማለት ነው። የጻፈውም የሣለውም ጄምስ ኦባር የሚባል የዲትሮይት ሰው ነው። መጀመሪያ የታተመው በፈረንጆች 1989 ነው። ሙሉው በጥቁርና ነጭ ነው የተሣለው። ኤሪክና ሼሊ ሊጋቡ ያሰቡ ጥንዶች ናቸው። መኪናቸው መንገድ ላይ ትበላሻለች። ወሮበሎች ይደርሱባቸዋል። ሁለቱም ይሞታሉ። ከዓመት በኋላ ኤሪክ ከሞት ይነሣል። አንድ ቁራ እየመራው ገዳዮቹን አንድ በአንድ ያሳድዳል።

እንዲህ ሳወራው የጥይትና የደም ታሪክ ይመስላል። ጥይትም ደምም ሞልቶበታል። እኔን የያዘኝ ግን በመሀል በመሀል ያለው ዝምታ ነው። ኤሪክ ባዶው ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ሼሊን ያስታውሳል። ትዝታው ይመጣል፤ ደግሞ ይሄዳል። ሰው የሞተበት ሰው ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ነው የሣለው አልኩ።

በኋላ ስለ ሰዓሊው አነበብኩ። በ1978 እጮኛውን ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገጭቶ ገደለበት። ልጁ ሐዘኑን የሚያስቀምጥበት አጣና ወታደር ቤት ገባ። በርሊን ሳለ፣ በ1981፣ ይህን ታሪክ መሣል ጀመረ። ኤሪክ የተነሣው እንግዲህ ሰዓሊው ራሱ ሊያደርገው ያልቻለውን ሊያደርግለት ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የምወደው ልጅ ወደ ደብረ ሲና እየወረደ ነበር። ጣርማ በርን የምታውቁ ጉሙን ታውቁታላችሁ። ከዋሻው ስትወጡ የገዛ እጃችሁን የማታዩበት ቀን አለ። ከፊት የመጣው ሹፌር መስመሩን ለቆ ነበር። ሌላውን ዝርዝር መጻፍ አልችልም።

ለፋሲካ ማግስት ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ስለዚህ ማንም አያውቀኝም። ለቅሶው ላይ «የሥራ ባልደረባ» ተብዬ ድንኳኑ ዳር፣ ከእድር ዕቃዎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለእናቱ «እግዜር ያጽናዎት» አልኩ። እኔን ማንም «እግዜር ያጽናሽ» አላለኝም። ጥቁር መልበስ አልቻልኩም፤ በማን ስም ልልበስ? ፍትሃቱ ላይ ካህኑ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ማንን እንደሚሉ አልገባኝም ነበር። ስሙን የሰማሁት ያኔ ነው።

የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማታ ማታ ግን እሣላለሁ። የራሴን ታሪክ ጀምሬ 14 ገጽ ደርሻለሁ። ቦታው ከጣርማ በር እስከ መንዝ ጓሳ ነው። ቁራም አለው። የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው፦ ቁራው ምን ያድርግ? ልጁን ከሞት ይዞት ይምጣ? ልጁስ ተነሥቶ ሹፌሩን ይበቀል? እስቲ ያላችሁን በሉኝ።

—

የደብሩ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡41

ዘግይቶም ቢሆን፦ እግዜር ያጽናሽ። ነፍሱን ይማር።

—

ፊልም ወዳድ (ሸዋ ሮቢት) · ማክሰኞ ማታ 4፡05

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ኮሚኩን አላነበብኩትም፤ ፊልሙን ግን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስለ እሱ የማውቀውን ላካፍልሽ፤ ካነሣሽው ነገር ጋር ይገናኛል።

ፊልሙ በ1994 ነው የወጣው፤ ዳይሬክተሩ አሌክስ ፕሮያስ ነው። ኤሪክን ሆኖ የተወነው ብራንደን ሊ፣ የብሩስ ሊ ልጅ ነው። ብራንደን ፊልሙን ጨርሶ አላየውም። በማርች 1993 መጨረሻ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ቀረጻ ላይ እያለ ሞተ። በሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ቀደም ሲል የቀረ የጥይት ጫፍ ነበር። የማይገድል የተባለው ባዶ ጥይት ሲተኮስ ያንን ገፍቶ አወጣው። ዕድሜው 28 ነበር። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር።

እስቲ አስቢው። ሠርጉ ሳይደርስ የተገደለ ሰው ሆኖ ሲተውን፣ ራሱ ሠርጉ ሳይደርስ ሞተ። የቀረውን ክፍል በሌላ ሰውና በኮምፒውተር ሞሉት። ፊልሙን ለሁለቱ መታሰቢያ ነው ያደረጉት፤ «ለብራንደንና ለኤላይዛ» ይላል። ኤላይዛ እጮኛው ናት።

—

ጅብራ · ማክሰኞ ማታ 4፡18

ይህን አላውቅም ነበር። ስሟ ከስሙ ጎን ተጻፈላት ማለት ነው። ሚስት ሳትሆን። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

—

የቅኔ ተማሪ (አንኮበር) · ረቡዕ ጠዋት 1፡30

እኅቴ፣ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥሽ። ስለ ቁራው ልናገር።

በእኛ ቋንቋ ቁራ መልሶ የሚያመጣ ወፍ አይደለም። ሰው ልከን ሲቀርብን ምን እንላለን? «የቁራ መልእክተኛ ሆነ» እንላለን። ኖኅ ውኃው መጉደሉን እንዲያይለት ከመርከቡ ቁራ ላከ። ወሬ ይዞ የተመለሰችው ግን ርግብ ናት። ቁራው ሄዶ ቀረ። ስለዚህ አሜሪካዊው ቁራ የሞተውን ይዞ ሲመጣ፣ የእኛው ቁራ ይዞ ሄዶ የሚቀር ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የአንቺ ሐዘን ለእኛው ቁራ ይቀርባል። እሱም ሄዶ ቀረ፤ ወሬ የሚያመጣልሽም አጣሽ።

ሌላም ቁራ ግን አለ። ነቢዩ ኤልያስ በኮራት ፈፋ ተደብቆ ሳለ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት የነበሩት ቁራዎች ናቸው። እኛ ሰው ሲሞት ለሐዘንተኛው እዝን ይዘን እንሄዳለን አይደል? ያ ቁራ እዝን አምጪ ነው።

የሞተን ሰው ለበቀል ማስነሣቱን ግን አልወድልሽም። ለሙታን የተሰጠ መንገድ አለ። ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያልን እናስባቸዋለን። ከመቃብር አውጥተን መሣሪያ አናስይዛቸውም። ጣረ ሞት አድርገሽ አትሣይው። የወደድሽው ሰው ነው።

—

ቆራጥ · ረቡዕ ጠዋት 2፡12

እኔ አልስማማም። ገና በመጀመሪያው ቀን ስለ ይቅርታ ለመናገር ቸኮላችሁ። ልጅቷ የተናደደችበትን ትሣል። ወረቀት ላይ የተገደለ ሰው የለም። ንዴቷን እዚያ ካላወጣችው የት ታውጣው? እኔም ወንድሜን በመኪና አጥቻለሁ። ሁሉም ሰው «ዕድሉ ነው፣ ተጽናና» ሲለኝ ከረመ። መናደድህ ልክ ነው ያለኝ አንድም ሰው የለም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያኔ ባገኝ ኖሮ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር። ተጽናና መባልም ይሰለቻል እኮ።

—

የሞረት ሰው · ረቡዕ ጠዋት 2፡50

ቆራጥ፣ እግዜር ያጽናህ። ንዴቱ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር።

ዲትሮይት ውስጥ በቀል ልብ ወለድ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ በቀል ስም ያለው ነገር ነው፤ ደም መመለስ ይባላል። ደም የመለሰ «ወንድ» ተብሎ ሲፎከርለት ሰምቼ ነው ያደግኩት። ከዘመዶቼ መሀል በአባቱ ደም ምክንያት ገበያ መውጣት የተወ ሰው አለ። ደመኛው ያየኛል ብሎ። ሽማግሌ ገብቶ፣ እርቅ ወርዶ፣ ካሳ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ስንት ዓመት አለፈ። ልጆቹ አባታቸው መንገድ ሲቀይር እያዩ አደጉ።

እና ጅብራ፣ ልጁ ተነሥቶ ሹፌሩን ቢገድል የአገራችን አንባቢ «ጎሽ» ይላል። ከዚያ የሹፌሩ ልጅ ይመጣል። ቀጣዩን ክፍል እሱ ይጽፈዋል። በሣይው አትሣይው አልልሽም። ብትሣይው ግን ያንን ልጅም ሣይው።

—

ጅብራ · ረቡዕ ቀን 7፡10

ሁላችሁንም በምሳ ሰዓት አነበብኳችሁ። ደንበኛ እየጠበቀኝ አለቀስኩ፤ ምንም አይደለም።

ቆራጥ፣ ልክ ነህ። ሹፌሩን በሐሳቤ ብዙ ጊዜ ገድዬዋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ኦባር ራሱ በኋላ ሲጠየቅ፣ መሣሉ እንደጠበቀው ቀለል እንዳላደረገለት ተናግሯል። ስምንት ዓመት ያህል ደክሞበት፣ ያን ሁሉ ገጽ ሙሉ ወሮበላ ገድሎ፣ ሐዘኑ እዚያው ጠበቀው። ይህን ሳነብ ፈራሁ። እኔም 14 ገጽ ሣልኩ፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የባሰ ነው የሆንኩት።

ወንድሜ የሞረቱ፣ ሹፌሩ ልጅ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። እስከ ዛሬ አስቤውም አላውቅም ነበር።

—

ወፍ ተመልካች (ደብረ ሲና) · ረቡዕ ማታ 12፡40

እህቴ፣ መጀመሪያ እግዜር ያጽናሽ። እኔ ስለ ወፉ ብቻ ነው የምናገረው፤ የማውቀው እሱን ነውና።

እባክሽ የፈረንጅ ቁራ እንዳትሥይ። የእነሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ነው። የእኛ ደገኛው ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው። መንቁሩ ወፍራም ነው፤ ከላይ ጎበጥ ብሎ ከጭንቅላቱ የሚበልጥ ይመስላል። በዓለም ካሉት ትላልቅ የቁራ ዘሮች አንዱ ነው። መኖሪያውም የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ነው። ደብረ ብርሃን ቄራ አካባቢ፣ ጣርማ በር አናት ላይ፣ አንኮበር ገደል ጫፍ ላይ ታገኚዋለሽ። ሲቀመጥ አንገቱን ቀብሮ ነው። ያ ነጭ ከኋላ ሲታይ ነጠላ ጣል ያደረገ ሐዘንተኛ ይመስላል። ሐዘንተኛ ነጠላውን እንዴት እንደሚያዘቀዝቀው አስቢና ሣይው።

ሁለተኛ፣ ስምሽን ጅብራ ማለትሽን ወደድኩት። ጓሳ ላይ በጉም ሰዓት ጅብራዎቹን አይተሻቸው ይሆናል። ጋቢ ለብሰው የቆሙ ሰዎች ናቸው የሚመስሉት። እኔ የዚያ አገር ሰው ሆኜ አንድ ጊዜ ሰላም ብዬ አልፌያቸዋለሁ። ጅብራ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። አብቦ ይሞታል። ግንዱ ግን ደርቆም ቆሞ ይቆያል። ይህን ለአንቺ ማብራራት የለብኝም።

ጭላዳዎቹንም አትርሻቸው። ማታ ማታ ገደል ውስጥ ወርደው ድንጋይ ተደግፈው ያድራሉ። ደረታቸው ላይ ቀይ፣ ጠጉር የሌለው ቦታ አለ። ገጹ ጥቁርና ነጭ ሆኖ እሱ ብቻ ቀይ ቢሆንስ?

—

ቀለም ቀቢ · ረቡዕ ማታ 2፡25

ወፍ ተመልካች፣ ጭላዳውን ቀይ ማድረጉ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን አንድ ገጽ ላይ ብቻ ይሁን። በየገጹ ከመጣ ዓይን ይለምደዋል።

ጅብራ፣ የቤተ ክርስቲያን ስዕል ተምሬያለሁ፤ ስለ አሣሣሉ ጥቂት ልበልሽ። ኮሚክ ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ አይምሰልሽ። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ሣጥን ተከፍሎ፣ ሥሩ እየተጻፈ ሲሣል ኖሯል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። አያትሽ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሆናል።

ጉሙን ለመሣል አትድከሚ። ጉም አይሣልም፤ ይተዋል። ወረቀቱን ነጭ ትተሽ በዙሪያው ያለውን ብቻ አጥቁሪ። የዋሻውን አፍ በደንብ አጥቁሪውና ፊት ለፊቱ ምንም አታድርጊ። አንባቢው ራሱ ይገባበታል። የእኛ አገር ብርሃን ኃይለኛ ነው፤ ጥላውም እንደዚያው። ቻይና ቀለም ካለሽ በብሩሽ ሞክሪው፤ እስክሪብቶ ብቻውን ያን ጥቁር አይሰጥሽም።

ዋናው ነገር ግን የሹፌሩ ፊት ነው። በአገራችን የስዕል ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይሁዳን ተመልከች፣ የሚገርፉትን ወታደሮች ተመልከች። አንባቢሽ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሹፌሩን በአንድ ዓይን ከሣልሽው ፈርደሽበታል። በሁለት ዓይን ከሣልሽው ሌላ ነገር ብለሻል። ከመሣልሽ በፊት የትኛው እንደሆነ ለራስሽ ወስኚ። በኋላ ላጲስ አያስተካክለውም።

—

ጅብራ · ረቡዕ ማታ 5፡50

እስካሁን እሱን ስሞክር ነው ያመሸሁት። ሁለቱንም ሞከርኩ። በአንድ ዓይን ስሥለው ሰይጣን ሆነ፤ አላመንኩትም። በሁለት ዓይን ስሥለው አየኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩት።

—

የመንዝ እናት · ሐሙስ ጠዋት 3፡00

የልጅ ልጄ ናት የምታነብልኝ፤ የምለውንም እሷ ትጽፈዋለች። ትናንት ማታ አንድ ባንድ ስታነብልኝ አመሸች። ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ለብቻሽ ስለ አንቺ ነው የምለው፤ ለእናቱ ሌላ ሰው ይበልላት።

እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያኔ በቤተሰብ ነበር የሚታጨው፣ እኔና እሱ ግን በበጎች መሀል ነበር የተዋወቅነው። ወላጆቻችን አያውቁም። በበሽታ ሞተ። ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ ኋላ፣ በር ላይ ቆምኩ። ደረቴን ልምታ? ፊቴን ልንጭ? ምኔ ነው ልበል? ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

አልቃሿ ዐዋቂ ሴት ነበሩ። የሟቹን ጀግንነት፣ የአባቱን ደግነት ሲያወርዱ ቆይተው ቀና ሲሉ አዩኝ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ አረፈ። ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

ዘመድ ተሰብስቦ ሲያለቅስ በተራ፣
በር ላይ ያለችውን ማን በስሟ ይጥራ።

ሰው ሁሉ ስለ ሟች እኅት የተባለ መሰለው፤ ሩቅ አገር ያለች እኅት ነበረችውና። እኔ ግን ለእኔ መሆኑን ዐወቅሁ። ያኔ ነው ጮኬ ያለቀስኩት። ሁሉም አልቅሶ ነበርና ማንም አልጠየቀኝም።

ጥቁር መልበስ አልቻልኩም አልሽ። እኔም አልቻልኩም። ማተቤን በጠስኩና በጥቁር ክር ለወጥኩት። ማተብ ጥቁር ይሆናል፤ ማን ልብ ይላል? ዓመት አሰርኩት። ኋላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ደግ ባል ነበረኝ፤ ነፍሱን ይማርና። ያንን ጥቁር ክር ግን ለእሱም አልነገርኩትም። ይኸው ዛሬ ነገርኩሽ። የልጅ ልጄ እየጻፈች ታለቅሳለች።

ቁራው ምን ያድርግ ብለሻል። እኔ ስለ መጽሐፍ አላውቅም። አልቃሿ ያደረጉትን ያድርግ።

—

ቆራጥ · ሐሙስ ጠዋት 3፡22

እማማ፣ እግርዎን ልሳም። የምለው የለኝም።

—

ቀለም ቀቢ · ሐሙስ ጠዋት 3፡40

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ጅብራ፣ ግጥሙን እማማ ከፈቀዱልሽ በራሱ ሣጥን ውስጥ ብቻውን አስቀምጪው። ሥዕል አትጨምሪበት።

—

ጅብራ · እሑድ ቀን 9፡15

ሦስት ቀን የጠፋሁት እየሣልኩ ነበር። የድሮውን 14 ገጽ አልቀደድኩትም፤ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት። ቆራጥ፣ ያ ንዴት የእኔ ነው፤ አላፍርበትም። አዲሱ ግን ሌላ ነው።

ልጁ አይነሣም። የቅኔ ተማሪው እንዳለው ሄዶ ይቀራል። የመጀመሪያው ገጽ ድንኳኑ ነው። የእድሩ ድስቶች፣ አግዳሚዎቹ፣ ሰዉ ሁሉ ከኋላው። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ አለች። የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ቁራ ተቀምጧል፤ ማጅራቱ ነጭ ነው። እሷን የሚያያት እሱ ብቻ ነው። በሰልስቱ በመንቁሩ ቁራሽ ዳቦ ይዞ መስኮቷ ላይ ያርፋል። በአርባው ይመጣል። በሰማንያው ይመጣል። ለእሷ እዝን ያመጣላት ሌላ የለምና። በሙት ዓመቱ ተከትላው ጓሳ ትወጣለች። በጉሙ ውስጥ ጅብራዎቹ ቆመዋል። የትኛው ጅብራ፣ የትኛው ሰው እንደሆነ አልለየሁትም፤ ነጭ ተውኩት።

ሹፌሩን ከጀርባው ሣልኩት። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ከፊቱ ጉም ብቻ ነው። ወንበሩ ኪስ ውስጥ የልጅ ደብተር አለ። የሞረቱ ወንድሜ፣ ያ የአንተ ነው። አሁን ከዚህ በላይ አልችልም።

እማማ፣ ግጥሙን ልጠቀምበት? ካልፈቀዱልኝ አላስገባውም።

—

የመንዝ እናት · እሑድ ማታ 1፡05

ተጠቀሚበት ልጄ። ለእኔ የተሰጠኝ ነው፤ እኔም ለአንቺ ሰጠሁሽ።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው ብለሻል። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማስባቸው አሉኝ። እሱንም ልጨምረው። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።

—

ጅብራ · እሑድ ማታ 1፡09

እሺ እማማ። በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ።